ፓኬጅ ከማሳደጋችሁ በፊት

ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። የምሠራው ቤቴ ነው፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከእናቴ፣ ከአባቴና ከእህቴ ጋር። ሙሽሮቹ እዚሁ አዲስ አበባ ቢያገቡም አክስት ሜሪላንድ ናት፣ አጎት ዱባይ ነው፣ ሚዜ የነበረው ልጅ ደግሞ ሠርጉ ካለፈ በሳምንቱ ጀርመን ተመልሷል። ሁሉም ፊልሙን ይጠብቃሉ። ያለቀለት ሠርግ ከመልሱና ከቅልቅሉ ጋር 12 ጊጋ ባይት ገደማ ይመጣል። ያ ሁሉ የሚወጣው ሳሎን ጥግ ላይ ባለችው ነጭ ራውተር ነው። እሷ ስትንቀራፈፍ ደንበኛ ይደውላል፣ ቀሪ ክፍያም ይዘገያል።

ብሎካችን ውስጥ ኢንተርኔት ያስቸገረው ሰው እኔን ይጠራኛል። እኔም ደስ እያለኝ እሄዳለሁ። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ስንት ሜጋ ባስገባ ይሻለኛል?» መጀመሪያ የት ጋ እንደሚንቀራፈፍ እንወቅ እላለሁ። ፓኬጅ አሳድገው ምንም ያልተለወጠላቸው ጎረቤቶች አሉኝ። በየወሩ ተጨማሪ ብር ይከፍላሉ፤ መኝታ ቤት ሲገቡ ግን ያቺው ክብ ትዞራለች። ይሄ ከልቤ ያናድደኛል። በዚህ ኑሮ ያ ብር ቀላል ብር አይደለም።

ከሂሳቡ ልጀምር፤ ብዙ ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነውና። «10 ሜጋ» ብለን የምንገዛው በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ነው። ፋይል የሚለካው ግን በባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 10 ሜጋ ያለው ሰው ፊልም ሲያወርድ ኮምፒውተሩ በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ቢያሳየው የከፈለበትን በሙሉ እያገኘ ነው። «10 ገዝቼ 1 ብቻ ሰጡኝ» የሚለው ቅሬታ እዚህ ላይ ያበቃል።

ሌላው ደግሞ የመላኪያው ፍጥነት ነው። ስፒድ ቴስት ስንሠራ ሁለት ቁጥር ይወጣል፤ ዳውንሎድ (ማውረጃው) እና አፕሎድ (መላኪያው)። ሰው የመጀመሪያውን አይቶ ይዘጋዋል። የኔ 12 ጊጋ ባይት ሠርግ በ10 ሜጋ አፕሎድ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። በ5 ሜጋ 5 ሰዓት ከ20። በ2 ሜጋ ከሆነ ከ13 ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ማታ ጀምሬው ጠዋትም አያልቅም። ዳውንሎዱ 50 ቢሆን ለዚህ ሥራ አንዳች አይጠቅመኝም። የቪዲዮ ጥሪም እንዲሁ ነው። እናንተ ሰውየውን እያያችሁት እሱ እናንተን ደብዛዛ አድርጎ ካያችሁ አፕሎዳችሁን ተመልከቱ።

አሁን ወደ ምርመራው። መጀመሪያ ማድረግ ያለባችሁ ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ በቀጥታ ራውተሩ ላይ መሰካት ነው። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ። የቤቱን ስልክና ቴሌቪዥን ሁሉ ከዋይፋይ አውጡ። ከዚያ ለኩ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የገመዱ ቀዳዳ የለም፤ የእናንተም እንዲያ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ ማገናኛ ገዝታችሁ ለጎረቤትም አውሱት። በገመድ ስትለኩ የከፈላችሁበት ከመጣ ችግሩ ያለው ቤታችሁ ውስጥ ነው፤ ለማንም አትደውሉ። በገመድም ካልመጣ ችግሩ ራውተሩ ራሱ ወይም ከሱ ወደ ውጭ ነው። ያኔ ዋይፋዩን በመነካካት አትድከሙ። ይህን ሳይለዩ የሚደረግ ነገር ሁሉ ብር ማባከን ነው።

ከኛ በታች ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናት ጋ የሆነውን ልንገራችሁ። ልጃቸው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ትደውላለች። የልጅ ልጃቸውን የሚያዩት በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ምስሉ ግን ይቆማል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ፓኬጁን ሊያሳድጉ ወስነው ነበር።

«እትዬ፣ ራውተሯ የት ናት?» አልኳቸው።

«እዚህ ቡፌው ውስጥ አስቀመጥኳት። አቧራ እንዳይነካት ብዬ ነው።»

ቡፌውን ከፈትኩት። ራውተሯ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከብረት ትሪና ከደረደሯቸው የቡና ስኒዎች ጀርባ ናት። ከላዩዋ ዳንቴል ለብሳለች። ስነካት ትፋጃለች። ከቡፌው ፊት ትልቁ ቴሌቪዥን ቆሟል። እትዬ ጥሪውን የሚያነሱት መኝታ ቤት አልጋቸው ላይ ነው፤ በመካከሉ ሁለት የብሎኬት ግድግዳና አንድ ብረት የታሰረበት የኮንክሪት ዓምድ አለ። በገመድ ለካሁ፤ የከፈሉበት ሙሉውን መጣ። በስልካቸው አልጋቸው ላይ ሆኜ ለካሁ፤ ሁለት ሜጋም አልሞላ።

ራውተሯን ከቡፌው አወጣናት። ኢንተርኔቱን በብርሃን የሚያመጣው ቀጭን የመስታወት ሽቦ፣ ፋይበሩ፣ በቂ ትርፍ ስለነበረው ወደ ኮሪደሩ አፍ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አቆምናት። ዳንቴሉን አጥፌ መለስኩላቸው። ምንም ብር አልወጣም። የሚቀጥለው እሑድ ሳይቆራረጥ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ።

የዋይፋይ ሞገድ ብረትና ውሃ አይወድም። ትሪ፣ ፍሪጅ፣ መስታወት፣ ውሃ የሞላ ታንከር፣ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ሁሉም ያግዱታል ወይ ያዳክሙታል። መስታወት ለምን ካላችሁ፣ ከጀርባው የተቀባው ብረት ስለሆነ ነው። ጭቃ ቤት ያላችሁ ከኮንዶሚኒየም ሰው የተሻለ ዕድል ሊኖራችሁ ይችላል፤ ግን ደረቅ ሲሆን ነው። ራውተር መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አይገባም፣ ልብስም አይለብስም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሌላ ጣጣ አለ፤ ጎረቤት። ብዙ ራውተሮች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ነው። በዚህ ሞገድ ላይ እርስ በርሳቸው የማይነካኩት ሦስት ቻነሎች ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ስልካችሁ ላይ የዋይፋይ መመርመሪያ አፕ ጫኑና እዩ። እኛ ቤት ሆኜ ስከፍተው የጎረቤቱ ሁሉ ስም ይደረደራል፤ አብዛኛው ደግሞ ከፋብሪካ በመጣበት አንድ ቻነል ላይ ተጨናንቋል። አንዱ ራውተር ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ተራ መጠበቅ አለበት። ከራውተሩ ሥር የተጻፈውን አድራሻ ብራውዘር ላይ ጽፋችሁ ወደ ራውተሩ ገጽ ግቡና ቻነሉን ከሦስቱ ወደ ቀለለው ቀይሩት። የቻነሉን ስፋት ደግሞ 40 ሳይሆን 20 ሜጋ ኸርዝ አድርጉት። 40 በወረቀት ላይ ፈጣን ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን የራሳችሁንም የጎረቤታችሁንም መንገድ ይዘጋል። የማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው በዚሁ በ2.4 አካባቢ ነው፤ ምሳ ሲሞቅ ስብሰባችሁ ከተቆራረጠ ግራ አይግባችሁ።

ራውተራችሁ 5 ጊጋ ኸርዝ ካለው ተጠቀሙበት። ቻነሉ ብዙ ነው፣ ፍጥነቱም ይበልጣል። ግድግዳ መሻገር ላይ ግን ደካማ ነው። እኔ ሁለቱን በተለያየ ስም ነው ያወጣኋቸው። ሳሎን ያለው ኮምፒውተሬ በ5፣ የአባዬ መኝታ ቤት ሬዲዮ የሚሰማበት ስልክ በ2.4።

ሪፒተር (ዋይፋዩን ተቀብሎ ወደ ሩቅ ክፍል የሚያስተላልፍ ዕቃ) ልግዛ ወይ ለሚሉኝ፣ ባይገዙት እመርጣለሁ። ርካሹ ዓይነት በአንድ ሬዲዮ ተቀብሎ በዚያው መልሶ ስለሚልክ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ያንን ብር ገመድ ግዙበት። ከራውተሩ ወደ ሩቁ ክፍል በግድግዳው ጥግ አንድ ገመድ ዘርጉና ጫፉ ላይ ትንሽ ራውተር እንደ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋይ ብቻ እንዲያሰራጭ አድርጋችሁ ሰኩ። ገመዱ ካት 5ኢ ይሁን፤ እስከ 100 ሜትር አያሳስባችሁም። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ገመድ በርካሽ ይሸጣል፤ ሲታጠፍ ይሰበራልና ጫፉን ፋቅ አድርጋችሁ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተዉት።

አሁን እኛ ቤት የነበረው ትልቁ ራስ ምታት። እህቴ ማታ ማታ በኦንላይን ትማራለች። እኔ ሠርግ መላክ ስጀምር የሷ ክፍል ይጠፋል። «አንተ ደግሞ ጀመርክ እንዴ!» ትላለች ከውስጥ። የሚገርመው እሷ የምትፈልገው ዳውንሎድ ነው፣ እኔ የምይዘው አፕሎድ። መንገዳችን የተለያየ ይመስላል።

ላፕቶፑ ላይ ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ የጉግልን አድራሻ 8.8.8.8ን ፒንግ ማድረግ ጀመርኩ፤ ትንሽ መልእክት ሄዶ እስኪመለስ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚፈጅ ያሳያል። ዝም ብሎ ሲፈስ ቁጥሩ ሁለት አኃዝ ነው። አፕሎዱን ስለቀው ወዲያው ሦስት አኃዝ ሆነ፣ ከዚያ አራት። ከሺህ ሚሊ ሰከንድ በላይ፣ ማለትም አንድ ነገር ሄዶ እስኪመለስ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። አፕሎዱን ሳቆመው ቁጥሩ ተመልሶ ወረደ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዳውንሎድ የሚያደርግ ሰውም «ደርሶኛል፣ ቀጥል» የሚል ትንሽ መልእክት ወደ ውጭ ይልካል። ራውተሩ መውጫ ላይ ተራ አለ። የኔ 12 ጊጋ ባይት ያንን ተራ ሞልቶ ይቆማል። የእህቴ «ደርሶኛል» ከኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ታክሲ ተራ ላይ አንድ ሰው ሠላሳ ጆንያ ይዞ ከፊታችሁ እንደቆመ ማለት ነው። የሷ ድምፅም በዚያው ተራ ውስጥ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ አስተማሪው አይሰማትም።

መፍትሔው ፓኬጅ ማሳደግ አልነበረም። የምልክበት ፕሮግራም ላይ የአፕሎድ ገደብ አስቀመጥኩ፤ በገመድ የለካሁት አፕሎድ 80 በመቶ ገደማ። የጉግል ድራይቭ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሴቲንግ ውስጥ ይህ ገደብ አለ። ተራው አይሞላም፣ ፒንጉ አይዘልም፣ ፋይሌ ትንሽ ብቻ ይዘገያል። ራውተራችሁ ላይ ኪው ኦ ኤስ የሚባል፣ ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ የሚወስን ማስተካከያ ካለ በዚያም ይሠራል። ትልልቁን ደግሞ ሌሊት እልካለሁ።

ሠርግ የማትልኩ ሰዎችም ይሄ ይመለከታችኋል። ዋይፋይ ሲያገኝ ፎቶ ወደ ጉግል የሚያወጣ ስልክ ቤታችሁ አለ። የቴሌግራም ቻናል ቪዲዮ በራሱ እያወረደ የሚያጠራቅም ስልክም አለ፤ የእናቴ ስልክ እንዲያ ነበር። ዊንዶውስ አፕዴት ሳያስፈቅድ ይጀምራል፤ ያወረደውንም ለሌላ ኮምፒውተር የሚያካፍልበት ማስተካከያ አለው፤ አጥፉት። ራውተሩ ገጽ ላይ ማን እንደተገናኘ ተጽፏል። የማታውቁት ስልክ ካያችሁ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ። ለእንግዳ የሰጣችሁት ቁጥር ደረጃው ላይ ያሉ ልጆች ሁሉ ጋ ደርሶ ሊሆን ይችላል።

ፋይበሩ ጋ የደረስኩት በበዓል ምክንያት ነው። ለፋሲካ ቤቱ ተጠርጎ ሶፋው ቦታ ቀይሮ ነበር። ከዚያ በኋላ በገመድም ስለካ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ራሱን ያጠፋል። ራውተሩ ገጽ ገባሁ። አድራሻው ከራውተሩ ሥር ይጻፋል፤ 192.168.100.1 ወይም 192.168.1.1 የተለመዱ ናቸው። እዚያ የኦፕቲካል መረጃ የሚል ቦታ አለ፤ የሚደርሰው ብርሃን ጉልበት ዲቢኤም በሚባል መለኪያ ይነበባል። የኛ -28.4 ይል ነበር። የቤት ፋይበር መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ከ-8 እስከ -27 ባለው ነው። ከ-27 በታች ሲወርድ ብርሃኑ ደክሟል ማለት ነው፤ ስህተት ይበዛል፣ የጠፋው ሁሉ እንደገና ይላካል፣ እኛ የምናየው ግን «ቀርፏል» ብቻ ነው።

ሽቦውን ከግድግዳው ጀምሬ በጣቴ ተከተልኩት። ያቺ ቀጭን ነጭ ሽቦ የሶፋው እግርና ግድግዳው መሃል ተይዛ ከጣት በጠበበ እጥፋት ታጥፋለች። ሶፋውን ጎተትኩት፣ ሽቦውን እንደ ሰሃን ክብ ሰፋ አድርጌ ጠቀለልኩት። ገጹን ሳድሰው -21.3 አለ። ልዩነቱ 7 ዲሲቤል ገደማ ነው። 3 ዲሲቤል ሲጨምር ብርሃኑ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ 7 ማለት የሚደርሰን ብርሃን አምስት እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው። በመስታወቱ ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ሲታጠፍበት ወደ ጎን ይፈስሳል። ሽቦው ሳይበጠስ ብርሃኑ ያልቃል።

እባካችሁ ይህን አንድ ነገር ጠብቁ። የፋይበሩን ጫፍ ነቅላችሁ በዓይናችሁ አትዩ። ብርሃኑ ለዓይን አይታይም፤ የለም ማለት ግን አይደለም። ሶኬቱ አረንጓዴ ከሆነ ጫፉ በ8 ዲግሪ ሰያፍ የተቆረጠ ነው፤ ሰማያዊ ቀለም ያለው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ሁለቱን አታጋቡ። በልብስ ጫፍም አትጥረጉት። ኤል ኦ ኤስ የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ከበራ በቂ ብርሃን እየደረሰ አይደለም፤ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የራውተሩን አዳፕተርም ተጠራጠሩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚጎዳው መጀመሪያ እሱ ነው። ራውተሩ ይበራል፣ ግን ሥራ ሲበዛበት ራሱን ያጠፋል። ከጀርባው የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አይታችሁ ያንኑ ዓይነት በመቀየር ሞክሩ።

ዲኤንኤስ ወደ 1.1.1.1 ቀይሩ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል የሚሉ አጫጭር ቪዲዮዎች ብዙ ናቸው። እውነት አይደለም። ዲኤንኤስ የድረ ገጹን አድራሻ ፈልጎ ማግኘቱን ያፋጥን ይሆናል። የመንገዱን ስፋት አይጨምርም። ያው 12 ጊጋ ባይት ያው ሰዓት ይፈጃል።

ከቤት ውጭ የሆነውን ደግሞ እንደዚያው መቀበል ይገባል። በገመድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ለኩ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይም ለኩ። ሌሊት ሙሉውን እያገኛችሁ ማታ ከወደቀ ጭንቅንቅ ነው። አንድ የፋይበር መስመር ለብዙ ቤት ይከፋፈላል፤ በተለመደው ጂፖን በሚባለው አሠራር ወደ 2.5 ጊጋ ቢት የሚሆነውን 32 ወይም 64 ቤት ይጋራዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውም መንገድ ይጨናነቃል። አገራችን የባሕር በር የላትም፤ ወደ ውጭ የሚሄደው በየብስ ወደ ጎረቤት አገር ተጉዞ ነው ባሕር ውስጥ ካለው ኬብል የሚደርሰው። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲጎዱ በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ አገር ተቸግሯል። ያን ጊዜ ራውተር ቢቀየር ምን ይፈይዳል?

ስፒድ ቴስት ደግሞ በራሱ የሚመርጠው ቅርቡን ሰርቨር ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያለውን። እሱ 20 ካለ የሰፈራችሁ መስመር ደህና ነው። ሰርቨሩን ቀይራችሁ አውሮፓ ያለ አንድ ከተማ ምረጡና እንደገና ለኩ። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት ካለ ችግሩ ሩቅ ነው።

ቅሬታ ስታቀርቡ ቁጥር ያዙ። «ኢንተርኔቱ ቀርፏል» ስል በስልክ የሚሰጠኝ መልስ «አጥፍተው ያብሩት» ነበር። አንድ ክረምት ላይ ሶፋውም ሽቦውም ደህና ሆኖ ብርሃኑ እንደገና ሲወርድ ግን በወረቀት ይዤ ደወልኩ፤ በገመድ የለካሁት፣ ሰዓቱ፣ የዲቢኤሙ ቁጥር፣ ባለፈው ሳምንት የነበረው ቁጥር። ሴትየዋ ቁጥሩን ስትሰማ ድምፅዋ ተለወጠ። የመጣው ባለሙያ መለኪያውን ይዞ ነበር። ቀጥታ ደረጃው ላይ ወዳለው ሳጥን ሄደ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ የኛን መገናኛ ነቅሎ በልዩ መጥረጊያው ጠረገው፣ መልሶ ሰካው። አቧራና እርጥበት ነበር። ቡና አፍልተን ነው የሸኘነው። ጎበዝ ልጅ ነው።

ይህን ሁሉ አይታችሁ፣ በገመድ ሌሊትም ማታም የከፈላችሁበት ሙሉውን እየመጣ፣ ቤተሰቡ ግን አሁንም ካልበቃው፣ ያን ጊዜ ፓኬጁን አሳድጉ። ብራችሁ ሥራ ላይ ይውላል። እንደኔ ከቤት የምትልኩ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት አፕሎዱ ስንት እንደሆነ ለብቻው ጠይቁ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዳውንሎዱ ነው።